የፓርቲ ጦር፦ የፋሽስት ጥቁር ሸሚዝ ሚሊሻ አነሣሥ፣ አደረጃጀትና አወዳደቅ

1. አንድ ወራሪ፣ ሁለት ጦር

በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የያዘው ጣሊያን በአባቶቻችንና በእናቶቻችን ወግ ውስጥ አንድ ነው። ስሙ ሶላቶ ነው፤ ጠመንጃ ይዞ ከባሕር ማዶ መጥቷል። ቤቱ እየነደደበት የገዳዩን ማዕረግና የልብስ ቀለም የሚመረምር ሰው የለምና ይህ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ያ ወራሪ በውስጡ ሁለት ጦር ነበረው። አንደኛው የንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ መደበኛ ሠራዊት ነው። ሁለተኛው ፓርቲው የሚመለምለው፣ ጥቁር ሸሚዝ የሚለብሰውና ከሁሉ በፊት የፓርቲውን ሥልጣን እንዲጠብቅ የተቋቋመው ሚሊሻ ነው። በሕግ የተሰጠው ስም «የብሔራዊ ደኅንነት ፈቃደኛ ሚሊሻ» ነበር፤ ሕዝቡ ግን በሸሚዙ ነው የሚያውቀው።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ጦር ነው። ልዩነቱ ለታሪክ አጥኚዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ላይ የወረደውን መከራ የሚያብራራው የዚህ ተቋም አፈጣጠር ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

2. ከጎዳና ዱላ ወደ መንግሥት አዋጅ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ጣሊያን አሸናፊ ብትባልም ውስጧ ታምሶ ነበር። ከግንባር የተመለሰው ወታደር ሥራ የለውም። በሰሜን፣ በፖ ወንዝ ሸለቆ ያለው የቀን ሠራተኛ በማኅበር ተደራጅቶ ደመወዝ ይጠይቃል፤ ባለርስቱ መሬቴን ልነጠቅ ነው ብሎ ይሰጋል። ቤኒቶ ሙሶሊኒ የመጀመሪያውን የፋሽስት ቡድን ሚላኖ ላይ ማርች 23 ቀን 1919 ያቋቋመው በዚህ መሐል ነው።

እንቅስቃሴው ያደገው ግን በስብሰባ አዳራሽ አልነበረም። ከ1920 መጨረሻ ጀምሮ «ስኳድራ» የተባሉ የታጠቁ ጓዶች በሌሊት በጭነት መኪና እየተጫኑ የሠራተኛ ማኅበራትን ጽሕፈት ቤቶች፣ የኅብረት ሥራ ሱቆችንና የሶሻሊስት ጋዜጣ ማተሚያዎችን ማቃጠል ያዙ። መሣሪያቸው ዱላና ሽጉጥ ነበር፤ የያዙትን ሰው የጉሎ ዘይት እያስጠጡ በአደባባይ ማዋረድም መለያቸው ሆነ። ባለርስቶች ገንዘብና መኪና ሰጧቸው፤ ብዙው ፖሊስ አይቶ እንዳላየ አለፋቸው። ጥቁሩን ሸሚዝ የወረሱት «አርዲቲ» ከሚባሉት የጦርነቱ ዘመን ደፋር አጥቂ ወታደሮች ነው።

እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ጓድ፣ ጓዱም የራሱ አለቃ ነበረው። እነዚህን የአካባቢ አለቆች ጣሊያኖች ከእኛው የማዕረግ ስም ወስደው «ራስ» ይሏቸው ነበር፤ የክሬሞና ራስ፣ የፌራራ ራስ እየተባለ። ለሙሶሊኒም ቢሆን ሁልጊዜ የሚታዘዙ አልነበሩም። ኦክቶበር 28 ቀን 1922 ወደ ሮም ሲዘምቱና እሱ ከሁለት ቀን በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን፣ ችግሩ ፈጦ ወጣ። ሥልጣን ከተያዘ በኋላ ይህ ሁሉ የታጠቀ ሰው ምን ይደረግ?

ቢበተን ፓርቲው ጉልበቱን ያጣል፤ ንጉሡና ጦሩ በፈለጉ ቀን ሊያባርሩት ይችላሉ። እንዳለ ቢተው አለቆቹ ሙሶሊኒን ራሱን ያሰጉታል። መፍትሔው ዱላውን የመንግሥት ንብረት ማድረግ ሆነ። አዲስ የተቋቋመው የፋሽስት ታላቅ ምክር ቤት በዲሴምበር 1922 ወሰነ፤ ጃንዋሪ 14 ቀን 1923 የንጉሥ አዋጅ ወጣ፤ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1923 ሚሊሻው ሥራ ጀመረ።

አዋጁን ያነበበ ሰው የተቋሙን ነፍስ ያገኛል። ሚሊሻው የእግዚአብሔርና የአገር አገልጋይ ነው ይላል፤ ትእዛዝ የሚቀበለው ግን ከመንግሥት መሪው ነው። ሥራው ከጦሩና ከፖሊስ ጋር ሆኖ የአገር ውስጥ ጸጥታን መጠበቅ ነው። ምልመላው በፈቃደኝነት ሆኖ ከ17 እስከ 50 ዓመት ካሉት የፋሽስት ጓድ አባላት መካከል ይደረጋል። የሌሎች ፓርቲዎች የታጠቀ ድርጅት ደግሞ ተከለከለ። ከዚህ በኋላ በጣሊያን የራሱ ጦር ያለው አንድ ፓርቲ ብቻ ነው፤ ወጪውን የሚችለው ግን መላው ግብር ከፋይ ነው።

3. መሐላው ለማን ነው?

ሚሊሻው ሲቋቋም ለንጉሡ አልማለም። የጦር መኮንኖች ይህን በከፍተኛ ጥርጣሬ አዩት። አንድ መንግሥት ሁለት ጦር ሊኖረው፣ አንደኛውም ለዘውዱ ሳይምል ሊታጠቅ እንዴት ይችላል?

ጥያቄው የፈነዳው በ1924 ነው። የሶሻሊስቱ የምክር ቤት አባል ጃኮሞ ማቴዮቲ የምርጫውን ማጭበርበር ካጋለጠ በኋላ ጁን 10 ቀን በፋሽስት ነፍሰ ገዳዮች ተጠልፎ ተገደለ። አገር ተቆጣ፤ ሙሶሊኒም ሊወድቅ ተቃረበ። ጦሩን ለማባበል በዚያው ክረምት ሚሊሻው የመንግሥት ታጣቂ ኃይል አካል ነው ተባለ፤ ኦክቶበር 28 ቀን 1924ም ለንጉሡ ማለ።

በወረቀት ነገሩ የተፈታ ይመስላል። ሆኖም በዓመቱ የመጨረሻ ቀን የሚሊሻው አዛዦች ተሰባስበው ወደ ሙሶሊኒ ቢሮ ሄዱና ወይ ተቃዋሚዎችን ጨርሰህ ምታ ወይ እኛው እንቀጥላለን የሚል ግፊት አደረጉበት። ጃንዋሪ 3 ቀን 1925 ሙሶሊኒ ምክር ቤት ቀርቦ ለሆነው ሁሉ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ አለ፤ አምባገነንነቱ በይፋ ተጀመረ። ለንጉሡ በማለ በሁለት ወሩ ሚሊሻው ለማን እንደቆመ ያሳየው በዚህ ነው።

4. ከጓድ እስከ ሌጌዎን

አደረጃጀቱ የጥንቷን ሮም እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው። ከታች ጓድ አለ። ሦስት ጓድ አንድ ማኒፖሎ፣ ሦስት ማኒፖሎ አንድ ቼንቱሪያ፣ ሦስት ቼንቱሪያ አንድ ኮርቴ፣ ሦስት ኮርቴ አንድ ሌጌዎን ይሆናል። ሌጌዎኑን የሚያዝዘው «ኮንሶሌ» ከጦሩ ኮሎኔል ጋር ይስተካከላል፤ ቼንቱሪያውን የሚመራው «ቼንቱሪዮኔ» ከሻምበል ጋር። ሌጌዎኖቹ ቁጥርና ስም እየተሰጣቸው በየአውራጃው ተተከሉ። ከ1926 ጀምሮ የበላይ አዛዥነቱን ሙሶሊኒ ራሱ ያዘ፤ የዕለት ሥራውን የሚያከናውነው የኤታማዦር ሹሙ ነበር።

አብዛኛው አባል የሙሉ ጊዜ ወታደር አልነበረም። ነጋዴ፣ ጸሐፊ ወይም ገበሬ ሆኖ በየሠፈሩ ይኖራል፤ ሲጠራ ሸሚዙን ለብሶ ይወጣል፤ ለአገልግሎት ካልተጠራ በቀር ደመወዝ የለውም። ቋሚ ሥራ የነበራቸው ልዩ ክፍሎቹ ናቸው፦ የባቡር፣ የወደብ፣ የፖስታና ቴሌግራፍ፣ የደን፣ የመንገድና የድንበር ሚሊሻ። ከዚህ በተጨማሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሌጌዎኖች ነበሩ፤ ወጣቶችን ለውትድርና የማዘጋጀት ሥራም በእሱ እጅ ገባ። በባቡር የሚሄድ፣ ደብዳቤ የሚልክ ወይም ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባ ሰው ሁሉ ከሆነ ቦታ ላይ ከሸሚዙ ጋር ይገናኛል።

በፍርድ ቤትም ተቀምጧል። በ1926 መጨረሻ የተቋቋመው የመንግሥት ጥበቃ ልዩ ፍርድ ቤት አምስቱን ዳኞች የሚያገኘው ከሚሊሻው ኮንሶሌዎች ነበር። አንቶኒዮ ግራምሺን በ1928 ከ20 ዓመት በላይ እስራት የፈረደበት ይህ ፍርድ ቤት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰው በጎዳና ይደበድብ የነበረው ድርጅት አሁን ዳኛ ሆኖ ይፈርዳል።

ጦር አለ፣ ካራቢኒዬሪ አለ፣ ፖሊስ አለ፤ ሚሊሻው የሚሠራውን ሁሉ ሌላው ይሠራዋል። ታዲያ ለምን አስፈለገ? ጥቅሙ በድርብነቱ ላይ ነበር። አንዱ ታጣቂ ሌላውን ይጠብቃል፤ የሁሉንም ገመድ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለአገር መከላከል ብክነት የሆነው ለፓርቲው ዋስትና ነበር።

5. ወደ ቅኝ ግዛት

ሚሊሻው ከተቋቋመ ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው በ1923፣ ሌጌዎኖቹ ሊቢያ ተልከው ለነጻነታቸው የሚታገሉትን አገሬዎች መውጋት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ወደ አፍሪካ የሚወስደው መንገድና የሚሊሻው የሹመት መሰላል ተጠላለፉ። የመጀመሪያው የሚሊሻው አዛዥ ኤሚሊዮ ደ ቦኖ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ሆነ፤ በ1935 መረብን ተሻግሮ ወረራውን የጀመረውም እሱ ነው። ኤታማዦር ሹም የነበረው አቲሊዮ ተሩዚ ኋላ የአፍሪካ ሚኒስትር ሆኗል።

ለኢትዮጵያ ወረራ ስድስት የጥቁር ሸሚዝ ክፍለ ጦሮች ተዘጋጁ። ስሞቻቸው የፓርቲውን ታሪክ ይናገራሉ። «ማርች 23» የፋሽስት ቡድን የተመሠረተበት፣ «ኦክቶበር 28» ወደ ሮም የተዘመተበት፣ «ጃንዋሪ 3» አምባገነንነቱ የታወጀበት፣ «ፌብሩዋሪ 1» ሚሊሻው የተቋቋመበት ቀን ነው። «ኤፕሪል 21» የሮም ከተማ ልደት ነው። ስድስተኛው «ቴቬሬ» የተሰየመው በሮም ወንዝ ሲሆን፣ በውጭ አገር ይኖሩ የነበሩ ጣሊያኖችንና የቀድሞ ጦርነት ቁስለኞችን ጭምር ይዞ በሶማሊያ ግንባር ተሰለፈ። ወደ ትግራይ የገባው ጦር የፓርቲ የበዓል ቀናትን ዝርዝር ተሸክሞ ነበር ማለት ይቻላል።

ክፍለ ጦሮቹ መድፍና የቴክኒክ አገልግሎት የሚያገኙት በአመዛኙ ከመደበኛው ጦር ነበር። ፓርቲው ድሉ የሚሊሻው ነው እንዲባል ይፈልጋል፤ ጄኔራሎቹ ደግሞ ለውጊያ ብቃቱ ግምት አይሰጡትም። ይህ ፉክክር በተምቤን ተፈተነ። በ1928 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት በተጀመረው ውጊያ የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ጦር፣ ጣሊያኖች ፓሶ ዋሪዩ በሚሉት በር ላይ የሰፈረውን «ኦክቶበር 28» ክፍለ ጦር ከበበው። በማግስቱ ከምሽጉ የወጣ የጥቁር ሸሚዝ ቡድን ክፉኛ ተመታ። ለቀናት ውሃና ስንቅ ተቋርጦበት የነበረውን ምሽግ ያዳነው የሚሊሻው ጀግንነት ነው ብሎ የፋሽስት ጋዜጣ ቢጽፍም፣ የዋና አዛዡ የባዶልዮ አውሮፕላኖች በወገኖቻችን ላይ ያፈሰሱት የመርዝ ጋዝ አብሮ መነገር አለበት።

መጋቢት 1928 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጎንደር የገባውን ፈጣን ተሽከርካሪ ጦር የመራው ደግሞ አኪሌ ስታራቼ፣ የፋሽስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ነው። የአንድ ፓርቲ ጸሐፊ የውጊያ አዛዥ ሆኖ የሌላ አገር ከተማ ሲይዝ፣ በጦርና በፓርቲ መካከል የነበረው ወሰን ምን ያህል እንደጠፋ ይታያል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ የሚሊሻው ሥራ መልኩን ለወጠ። አስካሪውና ባንዳው በጦሩ ሥር ሆነው በየበረሃው አርበኛ ሲያሳድዱ፣ የጥቁር ሸሚዝ ሻለቆች ከተማና መንገድ ይጠብቃሉ። መንገድ ሊሠሩ የመጡት የጣሊያን የቀን ሠራተኞችም በቼንቱሪያ ተመድበው በሚሊሻ መኮንኖች ይመሩ ነበር፤ አካፋ የያዘው ሠራተኛ በጥሪ ጊዜ ታጣቂ ነው። በየግዛቱ ዋና ከተማ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ተከፈተ፤ «ፌዴራሌ» የሚባለው የፓርቲ ጸሐፊ ከአገረ ገዢው ጎን ተቀመጠ። በዚህ አኳኋን አዲስ አበባ ውስጥ የእንደራሴው ቤተ መንግሥትና የፓርቲው ቤት ሁለት የትእዛዝ ምንጮች ሆኑ።

6. ሦስቱ ቀናት

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እንደራሴው ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለድን ምክንያት አድርጎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድኾች ምጽዋት ያስታድል ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩበት፤ ቆሰለ። በግቢው የነበረው ጠባቂ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩስ ከፈተ። እስከዚህ ያለው በየትኛውም ወራሪ ጦር ሊሆን የሚችል ነው።

ከሰዓት በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። የአዲስ አበባው የፓርቲ ጸሐፊ ጊዶ ኮርቴሴ ጥቁር ሸሚዞችንና ሲቪል ጣሊያኖችን ሰብስቦ ለሦስት ቀን የፈለጋችሁትን አድርጉ አለ። ወጡ። የያዙት ዱላ፣ አካፋ፣ ጩቤና ቤንዚን ነው። ጎጆዎችን ከነሰዎቻቸው አቃጠሉ፤ በመንገድ ያገኙትን ደበደቡ፤ ሱቅና ቤት ዘረፉ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በእሳት ተለኮሰ። ሾፌሩ፣ ሠራተኛውና ሚሊሻው አንድ ላይ ነበሩ።

በኢሚልያና በቶስካና የመንደር መንገዶች ላይ ከ1920 ጀምሮ የተለመደው አሠራር ሳይቀነስ ወደ አዲስ አበባ መጣ፦ የፓርቲ አለቃ ቃል፣ የጭነት መኪና፣ ዱላና እሳት፣ ፊቱን የሚያዞር ፖሊስ። አንድ የተጨመረ ነገር ነበር። በጣሊያን ሟቹ ቤተሰብ፣ ጋዜጣና የምክር ቤት አባል ነበረው፤ ማቴዮቲ ሲገደል መንግሥት ተናግቷል። አዲስ አበባ ላይ ለተገደለው ሰው በገዢው ዘንድ የሚጮኽለት አልነበረም፤ ዘረኝነቱ ገደብ የተባለውን ሁሉ አንሥቶታልና።

ከዚህ ጋር ደብረ ሊባኖስን ማስተያየት ያስፈልጋል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. መነኮሳቱን የፈጀው በጄኔራል ማለቲ የሚመራው የቅኝ ግዛት ጦር ነው። ግራዚያኒ አዘዘ፣ ማለቲ ፈጸመ፣ 297 መነኮሳት ተረሸኑ ተብሎ ቴሌግራም ተላከ፤ የኋላ ጥናቶች እውነተኛው ቁጥር ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። መደበኛው ጦር ከሚሊሻው የተሻለ ሰብአዊነት አልነበረውም። ነገር ግን ጦሩ ሲገድል የትእዛዝ ሰንሰለትና የወረቀት ዱካ ይተዋል። የየካቲት 12 ፈቃድ በፓርቲ ሰው አንደበት የተሰጠ ነው፤ የተገደለውንም የመዘገበ አልነበረም። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ የሚያከራክረው በዚህ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሏል፤ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ገምቷል፤ ጣሊያኖች ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ቁጥር ሲጠቅሱ ኖረዋል።

7. ፓርቲው ሲወድቅ

በጦርነት ሚሊሻው ዝናውን የሚመጥን ሥራ አልሠራም። ማርች 1937 በስፔን ጓዳላሃራ ላይ የጥቁር ሸሚዝ ክፍለ ጦሮች ተሸነፉ። በተምቤንና በእንደርታ የተዋጉት ሦስት ክፍለ ጦሮች ስማቸውን እንደያዙ ሊቢያ ተመድበው፣ ከዲሴምበር 1940 እስከ ጃንዋሪ 1941 ባለው ጊዜ እንግሊዞች በሲዲ ባራኒና በባርዲያ ደመሰሷቸው። በአገራችን ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም በጎንደር የቀሩት ጣሊያኖች ጥቂት ወራት ቆይተዋል። በቁልቋል በር ምሽግ ከካራቢኒዬሪ ጋር የነበረው የጥቁር ሸሚዝ ሻለቃ ኖቬምበር 21 ቀን 1941 ተሸነፈ፤ ጎንደር በሳምንቱ እጅ ሰጠች።

እውነተኛው ፈተና የመጣው ጁላይ 25 ቀን 1943 ነው። ታላቁ ምክር ቤት ሙሶሊኒን በድምፅ ጣለው፤ ንጉሡ አሰረው። ሚሊሻው የተፈጠረው ለዚህ ቀን ነበር። በሮም አቅራቢያ የጀርመን ታንክ የታጠቀ የሚሊሻ ክፍለ ጦር ነበር፤ አዛዡ ኤንሶ ጋልቢያቲም በምክር ቤቱ ለሙሶሊኒ ድምፅ የሰጠ ሰው ነው። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። አዲሱ መንግሥት የጦር ጄኔራል ሾመበት፤ በዓመቱ መጨረሻ በአዋጅ ፈረሰ። ሃያ ዓመት ያልታጠቀን ሰው ሲደበድብ የኖረ ድርጅት መሪው በተያዘበት ቀን ከሰፈሩ አልወጣም።

በጀርመን ጥበቃ ሥር በሰሜን ጣሊያን በተቋቋመው መንግሥት ግን ስሙን ቀይሮ ተነሣ፤ መጀመሪያ የሪፐብሊኩ ብሔራዊ ዘብ ተባለ። በ1944 ክረምት ደግሞ ፓርቲው ራሱ ጦር ሆነ፦ ከ18 እስከ 60 ዓመት ያለና በሌላ ታጣቂ ኃይል ውስጥ የሌለ አባል ሁሉ «ጥቁር ብርጌድ» በሚባሉት እንዲገባ ታዘዘ። እነዚህ ብርጌዶች የገዛ አገራቸውን መንደሮች አቃጠሉ። በኤፕሪል 1945 ሁሉም አበቃ።

8. ዛሬ የቀረው

በ1948 ሥራ ላይ የዋለው የጣሊያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ወታደራዊ መልክ ባለው ድርጅት ፖለቲካዊ ዓላማ የሚያራምድ ማኅበርን ይከለክላል። ይህ አንቀጽ የጥቁር ሸሚዝ ታሪክ በሕግ ውስጥ የተወው ዱካ ነው፤ ጣሊያኖች ከራሳቸው መከራ የተማሩትን በአንድ ዐረፍተ ነገር አኑረውታል።

ለኛ መከራ የተደረገው ከዚህ ያነሰ ነው። ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ካቀረበቻቸው አሥር ስሞች አንዱ የጊዶ ኮርቴሴ ነበር። ኮሚሽኑ የአብዛኞቹን ክስ ተቀብሏል፤ ለፍርድ የቀረበ ግን የለም። ግራዚያኒ ኋላ በጣሊያን ፍርድ ቤት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ በኢትዮጵያ ስለ ሠራው አልተጠየቀም።

ስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት ቀኑን ይዘክራል፤ የሟቾቹን ስም ግን አልያዘም፤ ያ ሚሊሻ መዝገብ አልተወልንምና። ያለው መዝገብ በየቤተሰቡ የሚነገረው ነው። ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ስም፣ የተቃጠለ ቤት የነበረበት ሠፈር፣ በእነዚያ ሦስት ቀናት ወጥቶ የቀረ ሰው ካለ፣ የነገሯችሁ ሳያልፉ በወረቀት አስፍሩት፤ ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለአጥኚ አስረክቡት።